የድጋፍ ደብዳቤው የሚጀመረው በሁለተኛው ዓመት ነው፦ ለዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪዎች

ለነፃ የትምህርት ዕድል ማመልከት የሚፈልጉ የሒሳብ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ቢሮዬን የሚያንኳኩት የማመልከቻው ማብቂያ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ትራንስክሪፕታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው «መምህር፣ ውጤቴ ጥሩ ነው፤ ምን ይጎድለኛል?» ይሉኛል። ውጤታቸው እውነትም ጥሩ ነው። ነገር ግን ከየአገሩ የሚያመለክተውም ሁሉ ውጤቱ ጥሩ ነው። ማመልከቻ ከሚያነቡት ወገን ሆኜም ስለሠራሁ አንድ ነገር አውቃለሁ፦ ሁለት እኩል ትራንስክሪፕቶችን የሚለያያቸው፣ ተማሪውን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ የሒሳብ ሰው አንብቦ «ይህስ ያስባል» የሚልበት ወረቀት መኖር አለመኖሩ ነው። ያ ወረቀት ወይ ተማሪው ራሱ የጻፈው ሒሳብ ነው፣ ወይ በቅርብ የሚያውቀው መምህር የጻፈለት ደብዳቤ ነው። ሁለቱም በሁለት ሳምንት አይደርሱም።

ስለዚህ ከማመልከቻው ቅጽ ሁለት ዓመት ቀደም ብዬ እጀምራለሁ። የመጨረሻ ዓመት ላይ ያላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ ከደብዳቤው ክፍል ጀምሮ ያለው ለእናንተም ይሆናል።

ኮርሶቹና አንድ ትንሽ ፋይል

የሒሳብ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ፕሮግራም መራጮች ትራንስክሪፕት ሲከፍቱ ዓይናቸው ቀድሞ የሚፈልገው ሪል አናሊሲስን፣ አብስትራክት አልጀብራንና ከመግቢያው ያለፈ ሊኒየር አልጀብራን ነው። ካልኩለስ ላይ ያገኛችሁት ኤ ብዙም አይነግራቸውም፤ የምህንድስና ተማሪውም አለው። እነሱ የሚፈልጉት የሒሳብ ማረጋገጫ (ፕሩፍ) መጻፍ በሚጠይቁ ኮርሶች ላይ እንዴት እንደሆናችሁ ነው። ምርጫ ባላችሁ ቁጥር «ቀላል ነው» ከሚባለው ኮርስ ይልቅ ቶፖሎጂን ወይም ሜዠር ቲዎሪን ውሰዱ። ቢ ብታገኙበት እንኳ እኔ በበኩሌ ከቀላሉ ኤ አስበልጬ አነበዋለሁ። አንዳንድ የትምህርት ዕድሎች ዝቅተኛ አማካይ ውጤት ስለሚያስቀምጡ ግን ወሰኑን አይታችሁ ድፈሩ። ወደ ተግባራዊ ሒሳብ ወይም ወደ ሥራ የምታስቡ ደግሞ ፕሮባቢሊቲ፣ ስታቲስቲክስና ኑሜሪካል አናሊሲስ አይለፋችሁ።

በየሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ሥራ ሥሩ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የኮርሱን ስም፣ የመምህሩን ስም፣ የተማራችሁበትን መጽሐፍና የተሸፈኑትን ምዕራፎች በአንድ ፋይል መዝግቡ። ብዙ የአሜሪካ ዶክትሬት ፕሮግራሞች የከፍተኛ ሒሳብ ኮርሶቻችሁን ከነመጽሐፋቸው እንድትዘረዝሩ ይጠይቃሉ። ምክንያቱም «አልጀብራ ሁለት» የሚለው ስም አንዱ ዘንድ ጋልዋ ቲዎሪ ሲሆን ሌላው ዘንድ ማትሪክስ ማባዛት ሊሆን ይችላል። ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደቆማችሁ አታስታውሱም።

ራሳችሁ የጻፋችሁት ሒሳብ

አዲስ ቲዎረም ከእናንተ የሚጠብቅ የለም። የሚጠበቀው አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ከመማሪያ መጽሐፉ ጫፍ ጥቂት እርምጃ መሄዳችሁ ነው። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ያደረገችውን ላሳያችሁ።

ከ0 እስከ 1 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ውሰዱና በራሱ ደጋግማችሁ አባዙት። ግማሽ፣ ሩብ ይሆናል፣ ከዚያ ስምንተኛ፣ እያለ ወደ 0 ይወርዳል። 0.99 እንኳ ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ መጨረሻው 0 ነው። 1 ብቻ 1 ሆኖ ይቀራል። በየደረጃው ያለው ግራፍ የትም ያልተቆረጠ መስመር ነው፤ የሁሉም ወሰን (ሊሚት) የሆነው ግራፍ ግን 1 ላይ ሲደርስ ድንገት ይዘላል። ይህ በየአናሊሲስ መጽሐፉ ያለ ምሳሌ ነው። መጽሐፉ ቀጥሎ ዩኒፎርም ኮንቨርጀንስ ካለ፣ ማለትም ግራፎቹ በሁሉም ነጥብ በአንድነት ወደ ወሰኑ ከተጠጉ፣ ወሰኑ እንደማይዘል ያረጋግጥና ወደ ሌላ ርዕስ ያልፋል። ተማሪዋ ግን «ይበቃል ማለት የግድ ነው ማለት ነው ወይ?» ብላ ቆመች። ቁመቱ ሳይቀንስ እየጠበበ ወደ አንድ ጠርዝ የሚሸሽ ጉብታ ሠራች፤ ወሰኑ በየነጥቡ 0 ነው፣ አይዘልም፣ ኮንቨርጀንሱ ግን ዩኒፎርም አይደለም። ከዚያም ታዲያ የግድ የሚያስፈልገው ቅድመ ሁኔታ የትኛው እንደሆነ ከሌላ መጽሐፍ ፈልጋ፣ ማረጋገጫውን በራሷ አጻጻፍ አሰፈረችው። ሁሉም ነገር በሒሳብ ዓለም የታወቀ ነው። ጽሑፉም ጥቂት ገጾች ነበር። ሆኖም ያነበበው ሁሉ ማን እንደጻፈው የጠየቀው በራሷ ጥያቄ ስለተጓዘች ነው።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሒሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃ በሆነው በላቴክ ጻፉት። መሠረቱ ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ቴክ ነው፤ በላዩ ላቴክን የገነባው ሌስሊ ላምፖርት ነው፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ለመማር የተለየ ኮርስ አያስፈልግም፤ በየሳምንቱ ከቤት ሥራችሁ አንዱን ጥያቄ በላቴክ እየጻፋችሁ ብታስረክቡ በአንድ ሴሚስተር እጃችሁ ይለምደዋል። መምህራችሁም ስማችሁን ይይዛል፤ ይህ ለቀጣዩ ክፍል ይጠቅማል።

በግቢ ውስጥ ያሉ ዕድሎች ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ አይወጣባቸውም። የትምህርት ክፍሉ ሴሚናር ለመምህራን ብቻ ይመስላችኋል፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያዳምጥን ተማሪ ግን ያስወጣ መምህር አላየሁም። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ብቻ ብትረዱ በቂ ነው፤ መምህራኑም ራሳቸው ብዙ ጊዜ ከዚያ አይበልጡም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ማስጠናት፣ የቤት ሥራ ማረም፣ የሒሳብ ክበብ ማስተባበር ሁሉም ሲቪ ላይ ይሰፍራሉ። የማረም ሥራውን አስበልጣለሁ፤ የሌላውን ሰው የተሳሳተ ማረጋገጫ ሳያነብ የራሱን በትክክል የሚጽፍ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ብዙ የሒሳብ ትምህርት ክፍሎች አንድን ተማሪ ከአንድ የዶክትሬት ተማሪ ጋር አጣምረው በሴሚስተር አንድ መጽሐፍ የሚያስነብቡበት ፕሮግራም አላቸው። እናንተ ዘንድ ፕሮግራሙ ባይኖር ነገሩን መፍጠር አይከብድም፦ አንድ መጽሐፍ ምረጡ፣ አንድ ወጣት መምህር ዘንድ ሂዱና «በሳምንት አንድ ሰዓት የገባኝን ላስረዳዎት፤ የተሳሳትኩበትን ይንገሩኝ» በሉ። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እሺ ያለው ሰው በኋላ ደብዳቤ ሲጽፍላችሁ የሚጽፈው ነገር አለው።

የድጋፍ ደብዳቤ

ደካማ ደብዳቤ ክፉ ቃል አይኖረውም። «ተማሪው በኮርሴ ኤ አግኝቷል፤ ጠንካራ፣ ጨዋና ሰዓት አክባሪ ነው» ይላል፤ በዚህ አበቃ። ኤ ማግኘቱን ትራንስክሪፕቱ ነግሮናል፤ ጨዋነቱን ማንም አልጠየቀም። መራጩ ይህን ሲያነብ የሚረዳው መምህሩ ተማሪውን እንደማያውቀው ብቻ ነው። ጠንካራው ደብዳቤ ግን አንድ ክስተት ይተርካል፦ በየትኛው ጥያቄ ላይ ተማሪው መምህሩ ያላሰበውን መንገድ እንዳሳየ፣ የት ተሳስቶ በሳምንቱ እንዴት አርሞ እንደመጣ። ከዚያም ያወዳድራል። ብዙ የማመልከቻ ቅጾች መምህሩን «ካስተማሯቸው ተማሪዎች ከላይኛው 1 በመቶ ነው? 5? 10? 25?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁታል።

ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ሁለት ወይም ሦስት ደብዳቤ ነው። የማዕረግ ነገር አያታልላችሁ። ስማችሁን ከማያውቅ ፕሮፌሰርና ዲን ይልቅ በሳምንት አንድ ሰዓት አብሯችሁ የተቀመጠ ረዳት መምህር የጻፈው ይበልጣል። ቢቻል ሁሉም የሒሳብ ሰዎች ይሁኑ፤ አንዱ ስታቲስቲክስ ወይም ፊዚክስ ቢሆን አይከፋም።

አጠያየቁ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማብቂያው ቢያንስ አንድ ወር ሲቀረው፣ ከተቻለ በአካል ሄዳችሁ «ጠንካራ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ የሚችሉ ይመስልዎታል?» በሉ። «ጠንካራ» የምትለዋን ቃል አትተዉአት፤ ለመምህሩ በክብር እምቢ የሚልበት በር ትከፍትለታለች። «ሌላ መምህር ብትጠይቅ ይሻላል» ካላችሁ አትቀየሙት፤ ከብዙ ወራት ድካም አድኗችኋል። እሺ ካለ ደግሞ በዚያው ሳምንት በአንድ ኢሜይል ትራንስክሪፕታችሁን፣ የዓላማ መግለጫችሁን ረቂቅ፣ የምታመለክቱባቸውን ፕሮግራሞች ከነማብቂያ ቀናቸው፣ ያንን የጻፋችሁትን ሒሳብ፣ እንዲሁም በእሱ ኮርስ የሠራችሁትንና እሱ ሊረሳው የሚችለውን ነገር በሦስት አራት መስመር ላኩለት። ሳምንት ሲቀረው አንድ ጊዜ አስታውሱት። እኛ መምህራን እንረሳለን፤ ብታስታውሱን አንከፋም።

«አንተው ጻፈውና እኔ ልፈርም» የሚል መምህር ያጋጥማችኋል። የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም፣ ለእናንተም አይበጅም። ተማሪ ስለራሱ ሲጽፍ ወይ ያፍራል ወይ ያጋንናል፤ ሦስቱንም ደብዳቤ አንድ እጅ ከጻፋቸው ደግሞ አንባቢው በሁለተኛው ገጽ ላይ ያውቀዋል። እንዲህ ሲላችሁ «ዋና ዋና ነጥቦቹን በዝርዝር አዘጋጅቼ ላምጣልዎት» ብላችሁ ነጥቦቹን ብቻ ስጡት። አብዛኛው መምህር ነጥቦቹ ከፊቱ ካሉለት ይጽፈዋል። ደብዳቤውን ሲልክ ከዩኒቨርሲቲው የኢሜይል አድራሻ እንዲሆን ለምኑት።

የዓላማ መግለጫው

ከምቀበላቸው ረቂቆች እጅግ የሚበዙት «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሒሳብ ልዩ ፍቅር ነበረኝ» ብለው ይጀምራሉ። እውነት ነው፣ ሁሉም ነበረው፤ ስለዚህ ማንንም አይለይም። የዚያችን ተማሪ መክፈቻ እንዲህ አደረግነው፦ «በሦስተኛ ዓመት አናሊሲስ ስማር፣ ያልተቆረጡ ግራፎች ወሰን መቼ እንደማይቆረጥ የሚያስረዳው ቲዎረም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚሠራ አስተዋልኩ። የሌላውን አቅጣጫ መልስ ስፈልግ ወደ ቶፖሎጂ ደረስኩ።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። አንባቢው ምን እንደምታጠና፣ ለምን እንደምታጠናና ወዴት እንደምትሄድ ገባው።

ቀሪው አጭር ይሁን። የተበላሸ ሴሚስተር ካለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያቱን ተናግራችሁ እለፉ፤ አትለማመጡ። «ለምን እዚህ?» ለሚለው ከፕሮግራሙ መምህራን የአንድ ሁለቱን ሥራ በትክክል ጥቀሱ። የቅርብ ጽሑፎቻቸው ብዙ ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ባለው አርካይቭ በተባለው የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። መግቢያውን ብቻ ማንበብ ለዚህ ይበቃል።

የት ታመለክታላችሁ?

ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ከአገር አገር ስለሚለያይ ተማሪዎች በተሳሳተ ቃል ይፈልጋሉ። በአሜሪካ የሒሳብ ዶክትሬት ለመግባት በአብዛኛው ማስተርስ አያስፈልግም፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይገባል። የተቀበሉትን ተማሪ እያስተማረ እንዲማር አድርገው የትምህርት ክፍያውን ይተዉለታል፣ ወርሃዊ ገንዘብም ይከፍሉታል። «ስኮላርሺፕ» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቁ፤ ማመልከቻው ራሱ ነው። ማብቂያው አብዛኛውን ጊዜ ከዲሴምበር እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ነው። የማመልከቻ ክፍያው በብዙዎቹ ከ50 ዶላር በላይ ስለሆነ ከማመልከታችሁ በፊት ለትምህርት ክፍሉ ጽፋችሁ እንዲነሳላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ መንገድ አላቸው። በሒሳብ አስቀድሞ አማካሪ ፕሮፌሰር ማግኘት እዚያ ግዴታ አይደለም፤ ለመቶ ፕሮፌሰሮች አንድ ዓይነት ኢሜይል መላክ ጊዜ ማባከን ነው።

በጀርመን፣ በኔዘርላንድስና በስካንዲኔቪያ አገሮች ግን ዶክትሬት በአብዛኛው ደመወዝ ያለው ሥራ ነው፤ እንደማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ ይወጣል፣ ማስተርስም ይጠይቃል። እሱን በዩኒቨርሲቲዎቹ የሥራ ማስታወቂያና ዩራክሰስ በተባለው የአውሮፓ ድረ ገጽ ፈልጉት። ለማስተርስ ኤራስመስ ሙንዱስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ዕድል ወደ ሁለትና ከዚያ በላይ አገሮች ያዘዋውራል፤ ለተመረጡት በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ የትምህርቱንም ክፍያ ይሸፍናል። ዳድ የተባለው የጀርመን የልውውጥ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ በጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የለም መባሉን ከነፃ የትምህርት ዕድል ጋር አታምታቱ። የኑሮ ወጪያችሁን የሚሸፍን ከሌለ ለቪዛ በዝግ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ለአንድ ዓመት ወደ 12,000 ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ማሳየት ይጠበቅባችኋል።

ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ መሠረታችሁ እንደሳሳ ለሚሰማችሁ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በጣሊያን ትሪየስቴ ያለው ዓለም አቀፉ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋመው በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም ነው። ስሙ ፊዚክስ ቢልም ሒሳብ ጠንካራ ክፍሉ ነው። በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ተመራቂዎች ወጪያቸውን ሸፍኖ የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጣል፤ ያጠናቀቁትም ብዙዎች ወደ ዶክትሬት ይሻገራሉ። ሁለተኛው ለአፍሪካውያን ነው፦ ኤይምስ በመባል የሚታወቀው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንሶች ተቋም። የፊዚክስ ሊቁ ኒል ቱሮክ እ.ኤ.አ. በ2003 በኬፕ ታውን አቅራቢያ የጀመረው ሲሆን ዛሬ በሴኔጋል፣ በጋና፣ በካሜሩንና በሩዋንዳም ማዕከላት አሉት። ተማሪዎችና መምህራን በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ ኮርሶቹም ከየአገሩ በሚመጡ መምህራን በሦስት ሳምንት ክፍል የሚሰጡ ናቸው። ለአጭር ጊዜ ደግሞ መቀመጫው ኒስ፣ ፈረንሳይ የሆነው ሲምፓ የተባለው የሒሳብ ማዕከል በታዳጊ አገሮች የምርምር ትምህርት ቤቶችን ያዘጋጃል።

ውድድር የሚወድ ካለ፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዓለም አቀፍ የሒሳብ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ይካሄዳል። የማይወድ አይጨነቅ። በአሜሪካና በካናዳ የሚሰጠው የፑትናም ፈተና ከ120 ነጥብ የተፈታኞቹ መካከለኛ ውጤት በብዙ ዓመታት ከ0 እስከ 2 ያለ ነው፤ ከእነዚያ ተፈታኞች ብዙዎቹ ጥሩ የሒሳብ ሰዎች ሆነዋል።

ሥራ ለሚፈልጉ

«የሒሳብ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ብርቅ ነው። ሥራው በሌላ ስም ነው ያለው፦ የዳታ ተንታኝ፣ የአደጋ ስጋት ተንታኝ፣ ስታቲስቲሺያን፣ አክቹዋሪ (የመድን ስጋት አስሊ)፣ የኦፐሬሽንስ ሪሰርች ተንታኝ፣ የሶፍትዌር መሐንዲስ። በእነዚህ ስሞች ፈልጉ።

ለመድን ሥራ ካሰባችሁ፣ የአሜሪካው የአክቹዋሪዎች ማኅበር የመጀመሪያ ፈተናዎች ገና ተማሪ እያላችሁ ሊወሰዱ ይችላሉ። የፕሮባቢሊቲው ፈተና 30 የምርጫ ጥያቄዎች በሦስት ሰዓት ነው፤ ፕሮባቢሊቲ ኮርሱን በደንብ የወሰደ ሰው በጥቂት ወራት ልምምድ ይደርስበታል። አንድ ያለፈ ፈተና ለቀጣሪው ከረጅም ሲቪ በላይ ይናገራል። ለሌሎቹ ሥራዎች ፓይተንና የዳታቤዝ ቋንቋ የሆነውን ኤስኪውኤል ሳያውቁ መሄድ ዛሬ አያዋጣም።

ቃለ መጠይቅ ላይ የሚመጣው ሒሳብ ከተማራችሁት ይቀላል፤ ወጥመዱ ሌላ ነው። ለምሳሌ፦ ከ1,000 የባንክ ዝውውሮች አንዱ ማጭበርበር ነው። አንድ ፕሮግራም ማጭበርበሩንም ጤናማውንም በ99 በመቶ ትክክለኛነት ይለያል። ፕሮግራሙ «ማጭበርበር ነው» ካለ፣ እውነት የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? «99 በመቶ» ብሎ የሚቸኩል ብዙ ነው። ቁጠሩት፦ ከ999 ጤናማ ዝውውሮች 10 ያህሉ በስህተት ይጠረጠራሉ፣ እውነተኛዋ አንዷም ትያዛለች፤ ከ11 ተጠርጣሪ አንዱ ብቻ ነው እውነተኛ፣ 9 በመቶ ገደማ። ጠያቂው የሚያየው መልሱን ብቻ አይደለም፤ የቤይስን ፎርሙላ ሳትጠሩ ለአንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ በምታስረዱበት ቃል ማስረዳታችሁንም ነው።

መልሱ ሲመጣ

ነፃ የትምህርት ዕድል ለማመልከት ወኪል አያስፈልግም፤ «ቦታ ልያዝላችሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አትክፈሉ። ተቀባይነት ያገኛችሁበትን ደብዳቤ ስታነቡ የትምህርት ክፍያው፣ የወር ገንዘቡ፣ የጤና መድኑና የጉዞው ወጪ እያንዳንዳቸው ለስንት ዓመት እንደተሸፈኑ ለዩ። ያልተጻፈውን በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡ። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በተስማሙበት መሠረት የገንዘብ ድጋፍ ያለበትን ግብዣ እንድትቀበሉ ከኤፕሪል 15 በፊት አያስገድዷችሁም፤ ቶሎ ወስኑ የሚላችሁ ካለ ይህን ቀን በትሕትና አስታውሱት። ከወሰናችሁ በኋላ ግን ለሌሎቹ በዚያው ቀን እምቢታችሁን ጻፉ፤ በተጠባባቂነት የተመዘገበ ተማሪ መልሳችሁን እየጠበቀ ነው። ደብዳቤ ለጻፉላችሁ መምህራንም የት እንደገባችሁ ንገሯቸው።